ኮምፒውተሩ ቦርድህን የማያውቀው በመስመሮቹ ርዝመት ምክንያት አይደለም

ጥያቄ፦ «የኤሌክትሪካል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለክለባችን ጀማሪዎች መለማመጃ እንዲሆን በኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8 ቺፕ ባለ ዩኤስቢ ሲ ቦርድ ነድፌ አምስት አሳተምኩ፤ የበየድኳቸውም ራሴ ነኝ። በተለመደው የቻርጀር ገመድ ስሰካው መብራቱ ይበራል፣ ላፕቶፔ ግን ዲቫይሱን አላወቅኩትም ይላል። የጓደኛዬ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያው ገመድ ጭራሽ ምንም አይልም። ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ገመድ ስሞክረው መብራቱም አይበራም። የምፈልገው ዩኤስቢ 2 ብቻ ስለሆነ ሲሲ1 እና ሲሲ2 የተባሉትን የመሰኪያውን እግሮች ባዶ ትቻቸዋለሁ። ከሁለቱ የዳታ መስመሮች አንዱ በሆነው ዲ ፕላስ ላይ ብሉ ፒል የምትባለዋን ርካሽ ቦርድ አይቼ 10 ኪሎ ኦም ፑልአፕ (መስመሩን ወደ 3.3 ቮልት የሚጎትት ሬዚስተር) አድርጌያለሁ። የሰዓት ምት የሚሰጠውን ክሪስታል አልበየድኩም፣ ቺፑ የራሱ ሰዓት አለው። ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ በርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ ችግሩ እሱ ይመስለኛል። ባለ አራት ንብርብር ቦርድ ልሥራ? ወይስ ሲኤች340 የሚባለውን የዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ ቺፕ ጨምሬ ልገላገል? ለወደፊቱ የራሳችንን ኪቦርድ መሥራትና ሰርቮ ሞተር ማንቀሳቀስም እንፈልጋለን።»

ምላሽ፦ ሦስቷ ሚሊ ሜትር ምንም አላደረገችም። የአንተ ቺፕ የሚሠራው በፉል ስፒድ ነው፤ በሰከንድ 12 ሜጋ ቢት ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ቢት ወደ 83 ናኖ ሰከንድ ይቆያል። ምልክት በተለመደው የቦርድ ቁስ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጓዝ ከ6 እስከ 7 ፒኮ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የ3 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ወደ 20 ፒኮ ሰከንድ ነው። 20ን ከ83,000 ጋር አስተያየው። የምልክቱ መነሻና መውደቂያ ጊዜ ራሱ ቢያንስ 4 ናኖ ሰከንድ ነው። ስለ 90 ኦም ልዩነታዊ ኢምፒዳንስና ስለ እኩል ርዝመት የምታነበው ምክር በዋናነት የተጻፈው በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ለሚሄደው ሃይ ስፒድ ነው፤ እዚያ ቢቱ 2 ናኖ ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ ነገሩ የምር ነው። አንተ ማድረግ ያለብህ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርገህ በአጭሩ መውሰድ፣ ከሥራቸው ያለውን ግራውንድ በሌላ መስመር አለመቁረጥ፣ ከዚያ መተኛት ነው። ባለ አራት ንብርብር ቦርድ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከገለጽከው ውስጥ እርስ በርስ የተደራረቡ አራት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንዱን ብቻ ብታርም ቦርዱ አሁንም ስለማይሠራ «ይሄም አልነበረም» ብለህ ወደ መስመሮቹ ርዝመት መመለስህ አይቀርም።

የመጀመሪያው ቺፑ ባዶ መሆኑ ነው። ፕሮግራም ጭኜበታለሁ አላልክም፤ አለመጫንህን እገምታለሁ። ብዙ ሰው የዩኤስቢ እግር ያለው ቺፕ ሲሰካ ራሱን ለኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቅ ይመስለዋል። አያስተዋውቅም። ኮምፒውተሩ «ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው በቺፑ ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው። ኤፍ103 ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ የተቀረጸ ቡትሎደር (ሌላ ፕሮግራም ተቀብሎ የሚጭን ትንሽ ፕሮግራም) አለው፤ ያ ቡትሎደር ግን የሚያዳምጠው በፒኤ9 እና በፒኤ10 እግሮች ላይ ያለውን ተራ ሲሪያል መስመር ብቻ ነው። ዩኤስቢ አያውቅም። ፑልአፕህ ደግሞ ሁልጊዜ ከ3.3 ቮልት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለኮምፒውተሩ «እዚህ አለሁ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፤ መላሽ የለም። ላፕቶፕህ የሰጠህ መልእክት ትርጉሙ ይኸው ነው። መብራት ብቻ የሚያበራና የሚያጠፋ ፕሮግራም ብትጭንበትም ያው መልእክት ይመጣል፤ ዩኤስቢውን የሚመልስ ኮድ ከሌለ ቺፑ ለኮምፒውተሩ እንደ ባዶ ነው።

ሁለተኛው 10 ኪሎ ኦሙ ነው። ፉል ስፒድ ዕቃ መኖሩን የሚያሳውቀው ዲ ፕላስን በ1.5 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ቮልት በመጎተት ነው። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ያንኑ መስመር በ15 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ ይጎትታል። ስሌቱን ሥራው፦ በ1.5 ኪሎ ኦም መስመሩ ላይ 3 ቮልት ይገኛል፤ በ10 ኪሎ ኦም 1.98 ቮልት። ኮምፒውተር መስመሩን «ከፍ ብሏል» ብሎ ለመቀበል የሚገደድበት ዝቅተኛው ወሰን 2 ቮልት ነው። አንተ ወሰኑ ጠርዝ ላይ ቆመሃል፤ ለዚህ ነው ያንተ ላፕቶፕ የሚያየው የጓደኛህ ግን የማያየው። ብሉ ፒል ላይ የዚህ ሬዚስተር ዋጋ መሳሳቱ በሙያው ውስጥ ከታወቀ ቆይቷል፤ ብዙዎቹ ቦርዶች እንደ ዕድል ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ እምቢ ይላሉ። ርካሽ ቦርድ ስለተሸጠ ብቻ ንድፉ ትክክል ነው ብለህ አትቅዳ።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። የውስጡ 8 ሜጋ ኸርዝ ሰዓት ከፋብሪካ ሲስተካከል በክፍል ሙቀት 1 በመቶና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል፤ ሙቀቱ ሲለዋወጥ ደግሞ ይብሳል። ፉል ስፒድ ዩኤስቢ የሚፈቅደው 0.25 በመቶ ነው። አንድ ሰው በጠረጴዛው ላይ በውስጡ ሰዓት ዩኤስቢ አስነስቶ «ይሠራል» ሊልህ ይችላል፤ አልዋሸም፣ ያች ቺፕ ዕድለኛ ነበረች። ለጀማሪ የምትሰጠው ቦርድ ግን በዕድል መቆም የለበትም። ተራ የ8 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል ስህተቱ ከሚሊዮን በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ነው፤ ከእሱ የሚነሳው ሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ተባዝቶ 72 ሜጋ ኸርዝ ይሆናል፣ ለ1.5 ሲካፈል ደግሞ ዩኤስቢ የሚፈልገውን 48 ይሰጣል። በውስጡ ሰዓት ግን 72 ጭራሽ አይደረስም፤ ጣሪያው 64 ነው። ከክሪስታሉ ያተረፍከውን ሳንቲም በሰዓታት ፍለጋ ከፍለሃል።

አራተኛው፣ ሁለቱም ጫፉ ሲ የሆነው ገመድ። ባዶ የተውካቸው ሲሲ እግሮች የዩኤስቢ 3 ቅንጦት አይደሉም። በዩኤስቢ ሲ ኃይል ሰጪው ወገን ተቀባይ መኖሩን ሳያረጋግጥ 5 ቮልቱን አይለቅም፤ የሚያረጋግጠውም በተቀባዩ በኩል ሲሲ ላይ 5.1 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ ሲያገኝ ነው። አንተ ጋ ስለሌለ ላፕቶፑ ማዶ ማንም እንደሌለ ቆጥሮ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። በአንድ ጫፉ የድሮውን ሰፊ መሰኪያ የያዘው ገመድ የሚሠራልህ የድሮው መሰኪያ ማንንም ሳይጠይቅ 5 ቮልት ስለሚሰጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ሬዚስተሮቹ ሁለት መሆን አለባቸው፣ ለሲሲ1 አንድ ለሲሲ2 አንድ። ሁለቱን እግሮች አጣምሮ አንድ ሬዚስተር ማድረግ የሚያጓጓ ቁጠባ ነው፤ በ2019 የወጣው ራስበሪ ፓይ 4 እንኳ በመጀመሪያው ንድፉ ይህንኑ አድርጎ ነበር፤ ውስጣቸው ቺፕ ያለባቸው ገመዶች ሲሰኩበት ኃይል ሰጪው የድምፅ ዕቃ ነው ብሎ ስለሚቆጥረው አይነሳም ነበር። በኋላ እትሙ ታረመ። በተጨማሪ መሰኪያው ላይ ዲ ፕላስም ዲ ማይነስም ሁለት ሁለት ጊዜ አሉ፤ ኤ6 ከቢ6፣ ኤ7 ከቢ7 ጋር መገናኘት አለባቸው። ካላገናኘሃቸው ቦርዱ ገመዱ በአንድ ፊት ሲሰካ ብቻ ይሠራል፣ ሲገለበጥ ይሞታል።

አሁን በእጅህ ያሉትን አምስቱን አትጣላቸው። ሁሉም ይድናሉ። መጀመሪያ የምትሞክርበት ገመድ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆኑን በስልክህ አረጋግጥ፤ ገበያ ላይ ቻርጅ ከማድረግ ሌላ የማያውቁ ገመዶች ሞልተዋል። ቀጥሎ ከ10 ኪሎ ኦሙ ጀርባ ላይ 1.8 ኪሎ ኦም ደርበህ በይድ፤ ሁለቱ በትይዩ ወደ 1.53 ኪሎ ኦም ይሆናሉ፣ የሚፈቀደውም 5 በመቶ ልዩነት ስለሆነ ወሰኑ ውስጥ ነህ። ክሪስታሉን ከነካፓሲተሮቹ በይድ። ሲሲ እግሮቹ ላይ ሬዚስተር ማንጠልጠል በእጅ ከባድ ነው፤ ማጉያ መነጽርና ቀጭን ጫፍ ያለው መበየጃ ካለህ ሞክረው፣ ካልሆነ እነዚህን አምስቱን በድሮው ገመድ ተጠቀምባቸው። ከዚያ ኤስቲ ሊንክ በተባለው የፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ ወይም በፒኤ9 እና ፒኤ10 በኩል በሲሪያል አስማሚ ዩኤስቢ የሚናገር ቡትሎደር ጫንበት። ቦርዱ ተሰክቶ ሳለ ዲ ፕላስን በመልቲሜትር ብትለካውና 3 ቮልት አካባቢ ብታገኝ የሃርድዌሩ ጣጣ በአብዛኛው አልቋል፤ የቀረው ኮድ ነው።

ሲኤች340 ልጨምር ወይ ላልከው፣ ሲኤች340 መጥፎ ቺፕ አይደለም። ሲ የሚል ፊደል የሚጨምረው ዓይነት ክሪስታል እንኳ አይፈልግም፤ ከፒኤ9 እና ፒኤ10 ጋር አገናኝተኸው ቡት0 የተባለውን የቺፑን እግር ወደ 3.3 ቮልት ስታደርግ በዋናው ቺፕ ውስጥ ያለው የፋብሪካ ቡትሎደር ይሠራልሃል፣ ዋናው ፕሮግራም ቢበላሽም ሁልጊዜ መልሶ መጫን ይቻላል። ግን ሲሪያል ወደብ ከመሆን አያልፍም። አንተ ደግሞ ኪቦርድ መሥራት እንፈልጋለን ብለሃል፤ ኪቦርድ የሚሆነው ዋናው ቺፕ ራሱ ዩኤስቢ ሲናገር ነው። ስለ ኪቦርዱ አንድ ነገር ቶሎ ልበል፤ የአማርኛ ኪቦርድ ካሰባችሁ ቦርዱ «ሀ»ን አይልክም። የሚልከው የቁልፉን መለያ ቁጥር ነው፤ ፊደሉን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የቁልፎች አደረጃጀት ነው። ይህን ሳያውቁ ፈርምዌሩ (በቺፑ ላይ የሚሮጠው ፕሮግራም) ውስጥ ፊደል የሚፈልጉ ተማሪዎች ብዙ ቀን ያባክናሉ።

ስለዚህ ለሁለተኛው እትም የምመክርህ ሲኤች340 መጨመርን ሳይሆን ቺፑን መቀየርን ነው፦ ኤስቲኤም32ኤፍ072ሲቢ። ባለ 48 እግር ነው፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማለትም አሁን በእጅህ የበየድከው ዓይነት ነው፤ የእግሮቹ አሰላለፍም ከኤፍ103 ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ንድፍህን ከዜሮ አትጀምርም። ያ ማለት ግን ሳታይ ተክተህ ታዝዛለህ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ዳታሺቶች (የአምራቹን ዝርዝር ሰነዶች) ጎን ለጎን ዘርግተህ አርባ ስምንቱንም እግር አንድ በአንድ አመሳክር። ኤፍ103 ላይ ተራ የኃይል እግር የነበረው 36ኛው እዚህ ለአንዳንድ የግብዓትና የውጤት እግሮች የተለየ የኃይል መግቢያ ነው፤ 3.3 ቮልት ከሰጠኸው ይበቃዋል። የቡት1 እግርም የለም።

ኤፍ072ን የምመርጠው ከላይ ከዘረዘርኳቸው አራት ችግሮች ሦስቱን ራሱ ስለሚያስወግድ ነው። ፑልአፑ በውስጡ ነው፣ በፕሮግራም ይከፈታል ይዘጋል፤ ስለዚህ ቺፑ ዝግጁ ሳይሆን «አለሁ» አይልም፣ ራሱን እንደገና ሲያስነሳም ኮምፒውተሩ ተነቅሎ እንደተሰካ ይቆጥረዋል። 48 ሜጋ ኸርዝ የውስጥ ሰዓት አለው፤ ከኮምፒውተሩ በየሚሊ ሰከንዱ የሚመጣውን የዩኤስቢ ምልክት እያየ ራሱን ስለሚያስተካክል ክሪስታል አይፈልግም። የፋብሪካው ቡትሎደርም ዩኤስቢ ያውቃል፤ ቡት0ን በቁልፍ ይዘህ ቦርዱን ስትሰካው ባዶ ቺፕ እንኳ ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፣ የቺፑን አምራች የኤስቲን ኪዩብ ፕሮግራመር የተባለ ሶፍትዌር ተጠቅመህ ትጭንበታለህ። ያ ቡትሎደር የማይሰረዝ ቦታ ላይ ስለተቀረጸ የትኛውም ጀማሪ በተሳሳተ ፕሮግራም ሊገድለው አይችልም። ለክለብ ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

የምታጣውም አለ። ኮሩ ኮርቴክስ ኤም0 ነው፣ 48 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይቆማል፣ የማካፈል ትዕዛዝ በሃርድዌር የለውም፤ ራሙ ከ20 ወደ 16 ኪሎ ባይት ይወርዳል። ፍላሹ ግን 128 ኪሎ ባይት ነው፣ ከያዝከው ቺፕ በእጥፍ ይበልጣል። ለመብራት፣ ለሴንሰር፣ ለኪቦርድና ለሰርቮ ከበቂ በላይ ነው። ኤፍ103ን የሚያስመርጥ አንድ ምክንያት በኢንተርኔት ላይ ያለው የምሳሌ ብዛት ነው፤ እሱም ቢሆን ርካሽ ሻጮች ጋ የሌላ አምራች ቺፕ በዚያው ስም ተቀርጾ ስለሚገኝ ምሳሌው አልሠራ ሲል ጥፋቱ የኮድህ ይሁን የቺፑ አታውቅም።

የራስበሪ ፓይ ቺፕ የሆነው አርፒ2040ስ የሚል ሰው አይጠፋም። በ2021 ሲወጣ በ1 ዶላር ሁለት ኮርና 264 ኪሎ ባይት ራም ይዞ መጣ፤ ቁልፉን ይዘህ ስትሰካው እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈትና ፋይል ጎትተህ ትጥልበታለህ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ የለም። ነገር ግን ባለ 56 ነጥብ ቺፕ ነው፤ ወጣ ያለ እግር የለውም፣ የነጥቦቹ ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግራውንዱ ሆዱ ሥር ነው፣ ውጫዊ ፍላሽ ቺፕና ክሪስታልም ይፈልጋል። በሙቅ አየርና በስቴንስል ካልሆነ በእጅ አይበየድም ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ራሱ ገጣጥሞ እንዲልክ የምትከፍል ከሆነ ምክሬን እቀይራለሁ፦ አርፒ2040 ውሰድ፤ አምራቹ ያወጣውን አነስተኛ የንድፍ ምሳሌም ክሪስታሉን ጨምሮ ሳትነካ ቅዳ። ራስህ የምትበይድ ከሆነ ግን ኤፍ072 ነው።

ኃይሉን በተመለከተ፣ ሰርቮውን ከዚህ ቦርድ አታንሳ። የዩኤስቢ 2 ሕግ ኮምፒውተሩ ዕቃውን አውቆ እስኪፈቅድለት 100 ሚሊ አምፔር፣ ከፈቀደ በኋላ 500 ሚሊ አምፔር ነው። ትንሽ የምትባል ሰርቮ እንኳ ስትነሳ ወይም ስትያዝ ከዚያ በላይ ልትስብ ትችላለች፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቺፑ ዳግም ይነሳል፣ ዩኤስቢው ይቋረጣል፣ አንተም እንደገና የመስመሮቹን ርዝመት ትጠረጥራለህ። ለሰርቮ የተለየ 5 ቮልት ስጣት፣ ግራውንዱን ብቻ ከቦርዱ ጋር አገናኝ። ይቺን ግራውንድ የሚረሳ ብዙ ነው።

የ3.3 ቮልት ማውረጃህ ምን እንደሆነ አልነገርከኝም፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ኤኤምኤስ1117 ከሆነ ወሰኑን እወቅ። በሙሉ ጭነት ከውጤቱ በላይ እስከ 1.3 ቮልት ይፈልጋል፤ መግቢያው ላይ ሾትኪ ዳዮድ ከጨመርክና ገመዱም ቀጭን ከሆነ ጠባቡ ትርፍህ ያልቃል። በ300 ሚሊ አምፔር ደግሞ ግማሽ ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ከሥሩ ሰፋ ያለ መዳብ ካልተውክለት ጣት ያቃጥላል። ለመለማመጃ ቦርድ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቅበት። በ5 ቮልቱ መግቢያ ላይ «ለማለስለስ» ብለህ 100 ማይክሮ ፋራድ አታድርግ፤ የሚፈቀደው እስከ 10 ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን በተሰካ ቅጽበት የሚሳበው ጅረት የላፕቶፑን ወደብ ሊያስደነግጥ ይችላል። ከመሰኪያው ቀጥሎ ራሱን የሚመልስ የ500 ሚሊ አምፔር ፊውዝ አድርግ፤ ጀማሪዎች ሾርት ያደርጋሉ፣ የሚጎዳው ደግሞ የራሳቸው ላፕቶፕ ነው። ከየኃይል እግሩ አጠገብ 100 ናኖ ፋራድ፣ ጠጋ ብሎ፤ በዚህ አትደራደር።

ከስታቲክ መከላከያ ዩኤስቢኤልሲ6 የምትባለውን ባለ ስድስት እግር ክፍል ከመሰኪያው አጠገብ፣ መስመሮቹ ወደ ቺፑ ከመሄዳቸው በፊት አስቀምጣት። በበጋው ደረቅ አየር ሹራብ ለብሶ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ የስታቲክ ምንጭ ነው። የመሰኪያውን ብረት አካል በቀጥታ ከግራውንድ ጋር አገናኘው፤ በዚህ ላይ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ፣ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቦርድ ግን ክርክሩ አይጠቅምህም። ኤስቲ ሊንክ የሚገናኝባቸውን አራቱን የኤስደብልዩዲ ነጥቦች ምንም ቢሆን አውጣቸው፤ ዩኤስቢው እምቢ ሲል የምትገባበት ሌላ በር እሱ ነው።

በመጨረሻ የመለያ ቁጥሩ። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ዕቃ የአምራችና የምርት ቁጥር ይናገራል። በክለቡ ውስጥ የኤስቲ ምሳሌ ኮድ ይዞት የሚመጣውን ቁጥር ብትጠቀም ማንም አይጎዳም። ቦርዱን ለመሸጥ ካሰባችሁ ግን የሰው ቁጥር ይዛችሁ ገበያ መውጣት አይቻልም፤ የራስን የአምራች ቁጥር ከዩኤስቢ ማኅበሩ ማስወጣት ደግሞ 6,000 ዶላር ነው። ንድፋችሁንና ኮዳችሁን በነጻ ፈቃድ ለሕዝብ ከከፈታችሁ ፒድ ኮድስ የተባለው የበጎ ፈቃድ መዝገብ በሄክስ 1209 የአምራች ቁጥር ሥር የምርት ቁጥር ያለክፍያ ይሰጣል።

ሁለተኛውን እትም ከማዘዝህ በፊት ከአምስቱ አንዱን ከላይ እንዳልኩት ጠግነህ በሁለቱም ኮምፒውተሮች አስነሳው። ኤፍ072ን ደግሞ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ አስቀድመህ አስመጣ፤ እግሮቹን በዳታሺቱ ካመሳከርክ በኋላ በአሁኑ ቦርድህ ላይ ያለ 10 ኪሎ ኦሙና ያለ ክሪስታሉ በይደህ፣ ቡት0ን ወደ 3.3 ቮልት አድርገህ ሰካው። በኪዩብ ፕሮግራመሩ ላይ ከታየ ንድፍህን አስተካክለህ እዘዝ።